የኋላው ባውዛ

በሕይወቴ ከልቤ የፈራሁት መኪና አንድ ብቻ ነው። እሱም የገዛ አባቴ መኪና ነው፤ ያም በኋላው ሲመጣ ብቻ። ከፊት ሲያዩት እንደማንኛውም ያረጀ ላንድክሩዘር ነበር፤ አንድ መብራቱ የደፈረሰ፣ ኮፈኑ ላይ ቀለሙ የተላጠ፣ ጠዋት ሲነሳ እንደ ሽማግሌ የሚያስል። ከኋላው ግን… ቆይ፣ ወደ ኋላው ከመሄዴ በፊት ስለ ማሳ ልንገራችሁ። ማሳን ያላወቀ ሰው ይሄን ነገር የጋራዥ ወሬ ነው ብሎ ይስቅብኛል።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ላፍቶ ውስጥ ኮንዶሚኒየሞቹ ከሚያልቁበት እስከ ወንዙ ድረስ ጥቂት የገበሬ ቤቶች ቀርተው ነበር፤ አንዱ የእኛ ነው። አያቴ ፈየራ፣ እኛ የልጅ ልጆቹ በኦሮምኛ አካኮ የምንለው፣ ከቤታችን ጀርባ ጤፍ ይዘራል። አባቴ ሮበሌ ደግሞ ላንድክሩዘሩን ለመስክ ሥራ እያከራየ፣ ራሱ እየነዳ፣ ሰዎችን ኦሞ ድረስ ወስዶ ይመልሳል። ሲመለስ ጫማውን ያወልቅና ከአካኮ ጋር አረም ውስጥ ይገባል። ማሳ ማለት ለእኔ ያ ነው፤ ክረምት ጫማዬን የሚውጥ ጭቃ፣ ኅዳር ላይ ደረቴ የሚደርስ ጤፍ፣ መሃሉ ላይ ቆሞ በሬ የሚጣራ አካኮ። ድምፁ ጎፋ ድረስ ይሰማል። አትመኑ ከፈለጋችሁ፤ እኔ ግን ጎፋ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

ማሳ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆንም አውቅ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የጎረቤታችንን የኮርሳን ማሳ መንገድ ሊያልፍበት ቆርጠውት ነበር። ሰፈሩ የሚለው እንደዚያ ነው፤ «የኮርሳን ማሳ ቆረጡት»። መጀመሪያ ቀያሾች መጡ፤ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተከሉ፣ ሲባጎ ወጠሩ። ከዚያ ዶዘር መጣ። የኮርሳ ሚስት ዶዘሩ ፊት ተኝታ ያን ቀን አስቆመችው፤ በማግስቱ ግን ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ኮርሳ በደጃችን ሲያልፍ ዝም ብሎ ያልፋል። ድሮ ከሩቅ ነበር ቀልድ የሚወረውረው። እኔም የሰው ማሳ ሲቆረጥ ድምፁም አብሮ ይቆረጣል ብዬ ደመደምኩ። ለብዙ ጊዜ ማታ ማታ አካኮን ዝም ብዬ አናግረው ነበር፤ ድምፁ መኖሩን ለማረጋገጥ።

«ምንድነው አንቺ ልጅ፣ ተኚ እንጂ!» ሲለኝ ደስ ይለኝና እተኛለሁ።

አንድ ኅዳር ቅዳሜ አባቴ ይዞኝ ጎፋ ወረደ። አምሐ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጓደኛው እዚያ ጋራዥ ነበረው። አምሐ ሆዱን ሲያዩት ከመኪና ስር የሚገባ አይመስልም፤ እሱ ግን እንደ ድመት ሹልክ ይላል። አባቴ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ጥቁር ነገሮች ሰጠው። የሳሙና ሳጥን ያህላሉ፤ ፊታቸው ላይ እንደ ዝንብ ዓይን የተደረደረ ብልጭልጭ አላቸው።

«ኧረ ሮቤ!» አለ አምሐ እያገላበጠ። «ሰው ሁሉ መብራት የሚያስጨምረው ከፊት ነው። እኔ ቂጡ ላይ ልለጥፍልህ ነው?»

«ከኋላ ነው የምፈልገው።»

«ወደ ኋላ የሚሄድ አገር አገኘህ እንዴ?»

«የምገባበት ቦታ መዞሪያ የለውም። በኋላዬ ነው የምገባው። እዚያው ደግሞ እጭናለሁ። የኋላው መብራት ሻማ ነው፣ ምንም አያሳይም።»

«ይሄ እኮ ባውዛ ነው። ስታዲየም ነው የሚያስመስልልህ።»

«ይምሰላ» አለ አባቴ፤ አልሳቀም። አምሐ ቀልዶ አባቴ ያልሳቀበት ቀን አይቼ አላውቅም ነበር።

አምሐ ካርቶን ዘርግቶ ከመኪናው ስር ገባ። ከውጭ የቀሩት ሁለት እግሮቹ ብቻ ናቸው። የጋራዡ ሽታ ናፍጣና የተቃጠለ ፕላስቲክ ነው። እኔ አንድ ባዶ ጎማ መሃል ተቀምጬ እግሮቹን ሳይ፣ ድምፁ ከመሬት ውስጥ መጣ።

«ሮቤ!»

«አቤት።»

«ማሳው አልቋል።»

ጆሮዬ ቆመ።

«ምን ሆነ?» አለ አባቴ።

«ተበልቷል ስልህ። በዚህ ማሳ ባውዛ አይታሰብም። ቆርጬ ልጣለው።»

አባቴ አላመነታም። አያቴን አማክራለሁ አላለም፣ እናቴን ልጠይቅ አላለም። «ቁረጠው» አለ። «ዛሬ ይለቅልኝ እንጂ የፈለግከውን ቁረጥ።»

«አታስብ፣ ሻሲው ላይ አዲስ ማሳ እሰጥሃለሁ።»

ዛሬ የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ ጎማው ውስጥ ተንከባልዬ በሳቅሁ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ማሳ ማለት ጣሊያን ጥሎት የሄደ ቃል ነው። ከባትሪ የወጣው ኤሌክትሪክ ሥራውን ጨርሶ የሚመለስበት፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ሽቦ ነው ማሳ። አምሐ ሊቆርጥ የተነሳው ዝገት የበላውን አንድ ክንድ ሽቦ ነበር። ግን ይሄን ማን ነግሮኝ? ኤሌክትሪክ የሚያስተምሩበት ክፍል ሳልደርስ ነው ትምህርቱን የተውኩት፤ ያን ቀን ደግሞ ገና ማባዛት ላይ ነበርኩ። እኔ የታየኝ አካኮ ነው። መኪና ሻሲ ላይ የተሰጠው አንድ መደብ የምታህል መሬት ላይ ቆሞ፣ በሬዎቹን የት እንደሚያዞር ጨንቆት።

ከዚያ አምሐ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ያደረጉትን ነገር ደግሞ እኔ አንድም ቀን ሳልሰማ ቀርቼ አላውቅም።

«ሼባው ያውቃሉ?»

አባቴ ወደ እኔ አየ። እኔ የጎማውን ጥርስ እቆጥራለሁ። «ቀስ በል» አለ፤ «ልጅቷ አለች።»

«መንገር አለብህ እኮ። ከሌላ ሰው አፍ ቢሰሙት…»

«ደማቸው ከፍ ብሏል። አሁን ብነግራቸው ይወድቁብኛል። መጀመሪያ ይግባ፤ ከዚያ እነግራቸዋለሁ።»

ይሄኛው በሽቦ የሚተረጎም አይደለም። ያኔም ዛሬም ያው ነው፤ አባቴ ከአካኮ የሚደብቀው ነገር ነበረው። ማን ነው የሚገባው? የት ነው የሚገባው? የአካኮ ደም ከፍ ማለቱ ደግሞ እንደ ውሃ ታንከር ሆኖ ታየኝ፤ አንገቱ ጋ ደርሷል፣ አንድ ቃል ቢጨመርበት በጆሮው ይፈሳል።

ከመኪናው ስር «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። መቁረጫው ነው። እኔን ጥርሴ ላይ ነው ያመመኝ።

«ተቆረጠ!» አለ አምሐ ደስ ብሎት።

የቀረውን ሥራ በደንብ አላየሁትም። ብረት ሲፋቅ፣ ሽቦ ሲጎተት፣ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ትንሽ ማብሪያ ሲገጠም ትዝ ይለኛል። ከዚያ አምሐ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «የኔ እናት፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝ። አልጨፈንኩም፤ ጨፍኚ ሲሉኝ የምጨፍን ልጅ አልነበርኩም።

ዓለም ነጭ ሆነች። ግድግዳው ጠፋ፣ አምሐ ከነሆዱ ጠፋ፣ እጄን ዘርግቼ እጄን አጣሁት። በኋላ ለክፍል ልጆች ስነግራቸው የጎፋ ዶሮዎች ነጋ ብለው ጮኹ፣ ቦሌ ሊያርፍ የነበረ አውሮፕላንም ወደ እኛ ዞረ ብያለሁ። የአውሮፕላኑ ውሸት ነው። ዶሮ ግን አንድ ጮኋል። ብርሃኑ ሲጠፋ ሁለት አረንጓዴ ነገሮች ዓይኔ ውስጥ ቀሩ፤ የትም ብዞር አብረውኝ ይዞራሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። ይሄ መኪና ማሳ በልቶ ነው ዓይን ያወጣው። የሚቀጥለውን ማሳ የሚፈልገውም በእነሱ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ሬዲዮ አልከፈተም። የላፍቶ ዳገት ላይ ስንደርስ ብቻ «ለሊሴ» አለኝ።

«አቤት አባዬ።»

«ጋራዥ የሰማሽውን ነገር ለአካኮ እንዳትነግሪ። እሺ የኔ ልጅ?»

«እሺ» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን አየር ብቻ ነው። ድምፄ የሄደ መሰለኝ። ከአካኮ በፊት የእኔ ተቆረጠ ብዬ እስከ ቤት ድረስ ጉሮሮዬን ይዤ ሄድኩ።

ቤት ስንደርስ ፀሐይዋ ወደ ጀሞ ተራራ ዘንበል ብላለች። ጓሮው በሰው ተሞልቷል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ማጭድ ይዟል። ደቦ አውቃለሁ። ጎረቤት ተጠራርቶ ያንዱን እህል አብሮ ሲያጭድ ደቦ ነው። ደቦ ግን ጠዋት ነው የሚጀመረው፤ ሲዘፈን፣ ሲፎከር፣ ሴቶቹ ሲሳደቡ ነው የሚውለው። ይሄ ማምሻውን መጣ፣ ማንም አይዘፍንም። ኮርሳ ሳይቀር ቆሟል፤ ማጭዱን በአውራ ጣቱ እየሞከረ።

እናቴ በንቲ ዳቦ ትቆርጣለች። ቀሚሷን ጎተትኩ፤ ድምፄ በሹክሹክታ ብቻ ወጣ።

«እማዬ፣ ለምንድነው የመጡት?»

«ዝናብ ሊመጣ ነው አሉ። ጤፉ ሳይረግፍ ቶሎ ይግባ ብለን ነው።» ይሄን ስትል የምታየው ዳቦውን ነው። ዳቦ ደግሞ ይሄን ያህል የሚታይ ነገር አይደለም።

ሁሉም ያውቃሉ ማለት ነው። አባቴ፣ እናቴ፣ ኮርሳ፣ አምሐ። የማያውቀው አካኮ ብቻ ነው። ሮጥኩ። አካኮ ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማጭዱን ይስላል። ልነግረው አጠገቡ ቆምኩ፤ አፌንም ከፈትኩ። ከዚያ አንገቱ ላይ ያለውን ሥር አየሁት። ወፍራም ነው፤ ይመታል። ደሙ እዚያ ደርሷል።

«ምን ሆንሽ? ጅብ ያየሽ መስለሻል» አለኝ።

«ምንም።»

«ሂጂ እናትሽን አግዢ። አባትሽ መኪናውን በኋላው ሊያስገባ ነው፤ መንገድ ላይ እንዳትቆሚ።»

በኋላው! እንግዲህ መንገር አይቻልም፤ ብነግረው ይሞታል። ዝም ብል ደግሞ ማሳው ይቆረጣል፣ ዝም የሚለው እሱ ይሆናል። ስምንት ዓመት ሲሆናችሁ ሁለት ሞት መሃል የሚቀር ሦስተኛ ነገር አይጠፋችሁም። እኔ የኮርሳ ሚስት ትዝ አለችኝ። ተኝታ ነበር ያስቆመችው።

ጤፉ ውስጥ ገባሁ። መኪናው የሚገባበት፣ አጥሩ የተከፈተበት ጋ፣ በሆዴ ተኛሁ። ጤፍ ከውስጥ ሆኖ ሲያዩት ሌላ አገር ነው። ከላይ ፀጉር ይመስላል፤ ከስር ግን ብዙ ቀጫጭን እግሮች ናቸው፤ በእግሮቹ መሃል ጉንዳን ይሄዳል፣ የደረቀ አፈር ይሸታል። ሰማዩ ሐምራዊ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ። ብርድ መጣ። ጉንዳን ክንዴ ላይ ወጣ፤ አላራገፍኩትም። ብንቀሳቀስ ጤፉ ይንቀሳቀሳል፣ ያገኙኛል። ልቤ መሬቱን እየመታ አካኮ እንዳይሰማው ፈራሁ።

ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። አሳለ፣ ከዚያ ማርሽ ገባ፤ ያ የኋላ ማርሽ የሚያወጣው የለቅሶ ድምፅ መጣ። አካኮ ከዳር ቆሞ እየመራው ነው።

«ና! ና! ና! ትንሽ ወደ ግራ! ና!»

መሬቱ ደረቴ ስር ተንቀጠቀጠ። አፈር ሲፈረፈር ይሰማኛል። መነሳት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ጭንቅላቴ ያውቃል፣ እግሬ ግን አልሰማም። የኮርሳ ሚስት ተኝታ ሳለ ምን እንዳሰበች ማንም አልነገረኝም ነበር። አሁን አወቅሁት። ምንም አታስብም።

«ና! ና! መብራትህን አብራው እንጂ፣ ምን ታያለህ!»

አባቴ ማብሪያውን ተጫነ።

እንደ ጋራዡ ነጭ አልነበረም። የባሰ ነው። እያንዳንዱ የጤፍ ዘንግ ለየብቻው ቆሞ ታየኝ፤ ጉንዳኑ ታየኝ፤ የጎማው ጥርስ መሃል የተሰካ ጠጠር ታየኝ። ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማው የአካኮ ድምፅ «ቁም!» ሲል መጣ፤ ያቺ «ቁም» ጎፋ አይደለም፣ ሳሪስ ደርሳለች። መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። የኋላው ብረት ከራሴ በላይ ነበር። የናፍጣው ጭስ ፊቴ ላይ ነው።

አባቴ እስከ ዛሬ መኪና ወደ ኋላ ሊያስኬድ ሲል መጀመሪያ ወርዶ ያያል። ኦሞ በረሃ ላይ፣ ማንም በሌለበት ሜዳ፣ ወርዶ ያያል። ተሳፋሪዎቹ ይስቁበታል። ምክንያቱን ነግሯቸው አያውቅም።

እጄን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ። ሊመታኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን አፈሩን ከቀሚሴ ላይ ያራግፋል።

«ምን… ምን ልትሆኚ ነው? ምን ልትሆኚ ነው አንቺ?»

«አትቁረጠው!» ድምፄ መጣ። ሲመጣ ደግሞ ልክ አልነበረውም። «ማሳውን አትቁረጠው! ሰምቻለሁ! አምሐ ማሳውን ልቁረጠው ሲልህ ቁረጠው ብለሃል! አካኮ እንዳይሰማ ብለሃል!»

የያዙት ማጭድ እጃቸው ላይ እንዳለ ሰዎቹ ሁሉ ቀረቡ። ብርሃኑ ውስጥ ፊታቸው እንደ ወረቀት ነው።

አሁን ሳስበው፣ አባቴ ያቺ ደቂቃ ላይ ሽቦው ትዝ ቢለው ኖሮ ይስቅ ነበር። እኔም በጥፊ እመታና እተኛ ነበር፤ ነገሩም በዚያ ያበቃ ነበር። ግን ሰው ልቡ ላይ ያለውን ነው የሚሰማው። አባቴ የሰማው የሽቦውን ማሳ አልነበረም።

«ምንድነው የምትለው?» አለ አካኮ። ማጭዱን በእጁ ይዟል። «ሮበሌ። ልጅቷ ምንድነው የምትለው?»

«አባ…»

«ማሳዬን ማን ነው የሚቆርጠው?»

ኮርሳ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ፤ አካኮም ኮርሳን አየው፤ እኔ ደግሞ የአካኮን አንገት፣ ያን ሥር።

አባቴ ወደ እሱ ሄዶ ክንዱን ያዘ። «አባ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ሰኞ ነው።»

«ምኑ ነው ሰኞ?»

«መንገዱ። እስከ ወንዙ ድረስ ነው የሚያልፈው፤ ስብሰባ ላይ ነገሩን። ዶዘሩ ሰኞ ይገባል።» ድምፁ እንደ እኔ ሆነ፤ እንደ ልጅ። «ደምዎ ከፍ ብሏል ብዬ ነው። እህሉ ይግባ፣ ከዚያ ልነግርዎ ነበር። ለዚህ ነው ባውዛውን ያስገጠምኩት፤ ቀን ብቻ አጭደን አንደርስም።»

አካኮ ዝም አለ። የሕይወቴ ረጅሙ ዝምታ እሱ ነው። አፉን ሲከፍት ዝም ብሎ እንዳይከድነው ቀሚሴን በሁለት እጄ ጨምድጄ ጠበቅሁ። በልቤ ጥራ እለዋለሁ፤ በሬም ቢሆን ጥራ፣ ተሳደብም፣ ግን ዝም አትበል።

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ከመብራቱ በላይ ኮከብ በኮከብ ነበር፤ ለምልክት እንኳ ደመና የለም።

«ዝናቡስ?» አለ።

«ዝናብ የለም፣ አባ።»

«አየህ፣ በዚህ ሰማይ ዝናብ ይመጣል ስትለኝ በጣም ነው ያዘንኩት። ልጄ ከተሜ ሆነ፣ ሰማይ ማየት ረሳ ብዬ።» ድምፁ ወፍራም አልነበረም። ግን ነበር። «ለካ አልረሳህም።»

አባቴ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። እናቴ ከኋላ ማልቀስ ስትጀምር አካኮ ዞሮ «በኋላ!» አላት። «ለቅሶው የትም አይሄድም፤ ጤፉ ነው የሚረግፈው።» ከዚያ የመኪናውን ጎን በማጭዱ እጀታ ነካ ነካ አደረገው። «ይሄ ነገር እስከ ድንበሩ ያሳያል?»

«ያሳያል፣ አባ።»

«ታዲያ ምን ታስተኛዋለህ፣ አስጠጋው እንጂ! ኮርሳ፣ አንተ ግራውን ያዝ። ግራህን ታውቃለህ አይደል?»

«ከአንተ ይልቅ» አለ ኮርሳ። ከዓመት በኋላ የሰማሁት ድምፁ እሱ ነው።

አባቴ ወደ ወንበሩ ሊመለስ ሲል ጎማዎቹን በሙሉ ዞሮ አየ፤ ከዚያ ነድቶ አስጠጋው። ማጭዶቹ ጀመሩ። እኔ የት እንደምሄድ ስላላወቅሁ መብራቱ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ጥላዬ ከእግሬ ተነስቶ ያልታጨደውን ጤፍ አቋርጦ፣ ረዝሞ ረዝሞ፣ ድንበሩ ላይ ደርሶ፣ ራሱ ከወንዙ ማዶ ገደሉ ላይ ወጥቷል። አካኮ ጎንበስ ብሎ በእሱ ውስጥ እያጨደ ይሄዳል፤ እግሬን፣ ሆዴን፣ ደረቴን።

ቀና ሳይል፣ እንደ ዱሮው፣ ወንዙ ማዶ በሚሰማ ድምፅ ጮኸብኝ።

«ለሊሴ! ከመብራቱ ዞር በይ፣ እህሉ አልታየኝም!»

ዞር አልኩለት።